አስቸኳይ፦ ጀልባችን ወደ 4:30 ተዛወረብን፤ እስከዚያ እማዬን የት ይዣት ልሂድ?

ቤዛ (ጠያቂ)
ሰላም ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ፈጣን መልስ እፈልጋለሁ። የወንዝ ሽርሽር ትኬት ቆርጠን መሳፈሪያው ላይ ቆመናል። ጀልባው 12:30 ነበር የሚነሳው። አሁን ወደ 4:30 ተዛውሯል አሉን። ስለ ውሃው የሆነ ነገር ተናገሩ፣ በደንብ አልገባኝም። እማዬና የእህቴ ልጅ አብረውኝ ናቸው። እማዬ ደክሟታል። ልጁ ደግሞ አላስቆም አላስቀምጥ ብሎኛል። ቤት ደርሰን እንመለስ ብንል መንገዱ ብቻ ጊዜውን ይበላዋል። ምን እናድርግ? ስልኬ 22 በመቶ ላይ ነው።

ናቲ
4:30 እኮ ካለፈ ቆየ። አምልጧችኋል ማለት ነው?

ቤዛ
በፈረንጅ ሰዓት ነው! ከሰዓት በኋላ። በእኛ 10:30።

ሳሮን ከፓሪስ
አይዞሽ እህቴ፣ አራት ሰዓት ብዙ ነገር ያሠራል። በእግር ኖትር ዳም ካቴድራል ሂዱ። ከቃጠሎው በኋላ ታድሶ በ2024 መጨረሻ ተከፍቷል፣ መግቢያው ነጻ ነው። እናትሽ ውስጥ ገብተው አረፍ ይላሉ። ሰልፉ ረጅም ቢመስልም ቶሎ ቶሎ ይሄዳል።

ቤዛ
ሳሮንዬ አመሰግናለሁ፣ ግን ለንደን ነኝ። ይቅርታ፣ ሳልጽፈው ቀርቼ ነው። ዌስትሚንስተር ድልድይ ሥር፣ ቢግ ቤን ፊት ለፊት።

ሹፌሩ
ቤዛ፣ እኔ ለንደን ውስጥ አውቶቡስ ስነዳ 14 ዓመቴ ነው። መጀመሪያ የውሃውን ነገር ላስረዳሽ። ቴምዝ የባሕር ውሃ የሚገፋው ወንዝ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በሙላቱና በጉድለቱ መካከል እስከ 7 ሜትር ገደማ ልዩነት አለ። በጣም ሲሞላ ከፍ ያሉት ጀልባዎች በድልድዮቹ ሥር አያልፉም። የተዛወረባችሁ በዚያ ይሆናል። ስለዚህ ሠራተኞቹን አትቆጫቸው፣ ውሃው እስኪወርድ መጠበቅ ግድ ነው።
አሁን ንገሪኝ። እናትሽ መራመድ ይችላሉ? ልጁ ስንት ዓመቱ ነው? ቁርስ በልታችኋል?

ተማሪው
እናትሽን ይዘሽ ወደ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ሂጂ። ሌላ ቦታ ማሰብ አያስፈልግም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሰዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ዘርፎ የወሰደው የወርቅ ዘውድና ጽዋ እዚያ ነው። መግቢያው ነጻ ነው። ብሪቲሽ ሙዚየም ደግሞ 11 ታቦታት አሉ፣ እነሱ ግን ለእይታ አይቀርቡም። አንቺ የቆምሽበት ቦታ አጠገብ ያለው ዌስትሚንስተር አቢ የሚባለው ቤተ ክርስቲያንም ውስጥ ከመቅደላ የተወሰደ ጽላት አለ። በመሠዊያ ውስጥ ስላለ አይታይም። በ2016 ዓ.ም. አቢው መመለሱ ተገቢ ነው ብሎ በመርህ ደረጃ ተስማምቷል። ልዑል ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ እዚህ አገር አርፎ የተቀበረው ዊንዘር ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ለንደን መጥቶ ይህን ሳያውቅ በጀልባ መንሸራሸሩ ያሳዝነኛል።

እትዬ አልማዝ
ተማሪው ልጄ፣ እውነትህን ነው፣ እኔም ዘውዱን ሳየው አልቅሻለሁ። ግን ልጅቷ አሁን እናቷን የምታሳርፍበት ወንበር ነው የጠየቀችው።

ቤዛ
እማዬ 71 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ አይሆንላትም። ልጁ 9 ዓመቱ ነው። ፍልሰታ ስለሆነ እማዬ እስከ 9 ሰዓት ምንም አትቀምስም። በእኛ 9 ማለቴ ነው።

ናቲ
ይሄን መጀመሪያ ብትነግሪን እኮ ሙዚየሙን እንዘለው ነበር። በባቡር ለመሄድ የሳውዝ ኬንሲንግተን ጣቢያ ደረጃ አለው።

ጌታሁን ዲሲ
ከመነሻው ሽርሽሩ ለምን አስፈለገ? ብሩን አስመልሺና የሕዝብ ማመላለሻውን ጀልባ ያዢ። ከዚያው መሳፈሪያ ይነሳል። በባንክ ካርድ ነክተሽ ትገቢያለሽ። ያው ወንዝ፣ ያው ድልድይ። እንዲያውም ነጻ ጀልባ ከፈለግሽ ዉሊች ላይ አለ። በፈረንጅ ከ1889 ጀምሮ ሰው በነጻ ያሻግራል።

ሹፌሩ
ጌታሁን ወንድሜ፣ ዉሊች የት፣ ዌስትሚንስተር የት! እሱም እኮ ወዲያና ወዲህ ማሻገር ብቻ ነው። የሕዝቡ ጀልባ ጥሩ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን የሚያስረዳ ሰው የለውም። ልጁ ታሪኩን በማይክ ሲሰማ ነው ደስ የሚለው።

ቤዛ
ልክ ነው፣ ልጁ ታወር ብሪጅን ሲጠብቅ ነው የከረመው። ትኬቱን አልመልስም። እማዬም ጣና ዳር ያደገች ናት። የሰው አገር ውሃ ላይ መሄድ አምሯት ነው የመጣችው።

ሹፌሩ
በቃ፣ እንግዲያውስ ስሚኝ። ከመሳፈሪያው ብዙ አትራቁ። እኔ ብሆን የማደርገው ይሄ ነው።
ወደ ላይ ውጪና የፓርላማውን አደባባይ አልፈሽ ወደ ሴንት ጄምስ ፓርክ ሂዱ። ለሰው 10 ደቂቃ ነው፣ ለእናትሽ 20 በይው። ሜዳ መንገድ ነው። የሸራ ወንበሮቹ ይከፈልባቸዋል፣ አግዳሚዎቹ ነጻ ናቸው። ሐይቁ ዳር፣ ጥላ ያለበት አግዳሚ ላይ አስቀምጫቸው። በ2:30፣ በእኛ 8:30 ማለት ነው፣ ትልልቆቹን ፔሊካኖች ዓሣ ያበሏቸዋል። ቦታው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ጫፍ፣ ትንሿ ጎጆ ቤት አጠገብ ነው። እነዚህ ወፎች በፈረንጅ ከ1664 ጀምሮ እዚያ አሉ። የመጀመሪያዎቹን ለንጉሡ የሰጣቸው የሩሲያ አምባሳደር ነው። ልጁ አፉን ከፍቶ ነው የሚያየው።
9 ሰዓት ሲሆን እዚያው አግዳሚው ላይ እናትሽን አብያቸው። 10 ሰዓት ከመሆኑ በፊት ወደ ጀልባው ተመለሱ።

ሊዲያ
ድልድዩን እንዳትሻገሪ ብቻ! ዌስትሚንስተር ድልድይ ላይ ሦስት ኩባያ ደርድረው፣ ከአንዱ ኩባያ ሥር ኳስ ደብቀው ቁማር የሚያጫውቱ አሉ። ዙሪያውን ቆመው የሚያሸንፉት የራሳቸው ሰዎች ናቸው። እኔ ባለፈው ዓመት ቆሜ ሳይ ቦርሳዬ ተከፍቶ አገኘሁት። ስልክሽንም መንገድ ዳር አውጥተሽ አትያዢ፣ በብስክሌት መጥተው ይነጥቃሉ። በሙዚቃ የሚያልፉት ባለሦስት እግር ብስክሌቶች ላይም ዋጋ ሳትነጋገሩ እንዳትወጡ።

ናቲ
እኔ ደግሞ ድልድዩን ተሻገሩ እላለሁ። ሮያል ፌስቲቫል ሆል ሊፍት አለው፣ ሽንት ቤቱ ነጻ ነው፣ ሳትከፍሉ የምትቀመጡበት ሰፊ አዳራሽ አለው። ስልክም ትሰኪያለሽ።

ሊዲያ
ያ ለዝናብ ቀን ጥሩ ነው። ዛሬ ግን ፀሐይ ነው።

ጌታሁን ዲሲ
ከመቀመጥ የጥበቃ ፈረሰኞቹን ይዩ። ሆርስ ጋርድስ ፓርኩ ጫፍ ነው። በየቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ በፈረንጅ 4 ሰዓት፣ ትንሽ ሥነ ሥርዓት አለ።

ሹፌሩ
10 ሰዓት ላይ እዚያ ከቆሙ ጀልባው ያመልጣቸዋል። በጉልበት ሕመም ተሰልፎ መሳፈር ጊዜ ይፈልጋል። ይልቅ ከ10 በፊት ስትመለሱ በዋይትሆል በኩል እለፉ። ፈረሶቹ በሩ ላይ ቆመው ታገኟቸዋላችሁ። ልጁ ፎቶ ይነሳ፣ ግን አይጠጋ። «ሊረግጡና ሊነክሱ ይችላሉ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈው ለጌጥ አይደለም።

ቤዛ
ፓርኩን መርጫለሁ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የጾም ምግብ ከየት ልግዛ?

ናቲ
ቺፕስ።

እትዬ አልማዝ
ቺፕስ ስትገዢ ጠይቂ። ብዙ ቦታ ዓሣ በጠበሱበት ዘይት ነው የሚጠብሱት።

ጌታሁን ዲሲ
ዓሣ ደግሞ ምን አለበት? በጾም ይበላል።

ተማሪው
አይበላም። በተለይ በፍልሰታ።

ጌታሁን ዲሲ
የኛ ሰፈር ሁሉ ይበላ ነበር።

አወያይ
ወንድሞቼ፣ የዓሣው ክርክር ሌላ ቦታ አለው። እዚህ የቤዛን እናት እናብላ።

እትዬ አልማዝ
ልጄ፣ ከሱቅ ዳቦ፣ አቮካዶ፣ ሙዝና ሁሙስ ግዢ። ሁሙስ ሽምብራ ነው፣ ሽሮ ለለመደ ሰው አይከብድም። ማሸጊያው ላይ «ቪጋን» የሚል ካለ ወተትና ቅቤ የለበትም። እናትሽ ባዶ ሆዷን ስለሆነች መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ሙዙን ስጫት። ሻይ ካገኘሽ ደግሞ «ወተት አይግባ» በይ። እዚህ አገር ዝም ካልሽ ወተት ይጨምሩበታል።

ሹፌሩ
የአውቶቡሱን ነገር ረሳሁት። እናትሽ መንገዱ ከከበዳቸው አውቶቡስ ያዙ። ጥሬ ገንዘብ በፈረንጅ ከ2014 ጀምሮ አንቀበልም፣ ሰው ብር ይዞ ሲለምነኝ ልቤ ያዝናል። ካርድ ንኪ። ግን በአንድ ካርድ ሁለት ሰው አያልፍም። አንቺ በስልክሽ፣ እሳቸው በካርዱ። ልጁ ከ11 ዓመት በታች ስለሆነ በነጻ ነው።

ሀና ግሪኒች
ቆይ ቆይ። ሁላችሁም ስለ አራቱ ሰዓት ትጽፋላችሁ፣ ከዚያ በኋላስ? ቤዛ፣ ትኬትሽ እስከ ግሪኒች ነው? ከሆነ መንገዱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የምትደርሱት በእኛ 11:30 አካባቢ ይሆናል። ኦብዘርቫቶሪው፣ የከዋክብት መመልከቻው ማለቴ ነው፣ እና የባሕር ሙዚየሙ ግን በ11 ይዘጋሉ። ልጁ ምሥራቅና ምዕራብን የምትለየውን የኦብዘርቫቶሪውን መስመር እረግጣለሁ ብሎ ከሆነ የሚመጣው ሄዶ በር ያንኳኳል። ወደ ኦብዘርቫቶሪው የሚወስደው መንገድም ዳገት ነው፣ ለጉልበት አይሆንም።
አሁኑኑ ሠራተኛውን ሁለት ነገር ጠይቂ። ትኬቱ ደርሶ መልስ ነው? ከሆነ የመጨረሻው መመለሻ ስንት ሰዓት ነው? ቀድሞ በ12:30 ስትነሱ ለመመለሻው ሰፊ ጊዜ ነበራችሁ፣ አሁን ግን የለም። ጀልባው ካመለጣችሁ ከካቲ ሳርክ ጣቢያ በዲ ኤል አር ባቡር ወደ ከተማ ትመለሳላችሁ።

ቤዛ
ሀናዬ ተባረኪ! ደርሶ መልስ ነው የያዝኩት። ተመልሼ ሄጄ ጠየቅኩ። የመጨረሻው መመለሻ ልክ እንደደረስን የሚነሳው ነው አሉኝ። ስለዚህ ሳንወርድ እዚያው ላይ ተቀምጠን እንመለሳለን። ለልጁ አሁን ነገርኩት፣ ትንሽ አኮረፈ።

ሀና ግሪኒች
አኩርፎ ይቅር፣ ከምሽቱ እንግልት ይሻላል። ከጀልባው ላይ ካቲ ሳርክን ያያታል። በፈረንጅ በ1869 የተሠራች የሻይ መርከብ ናት። ሦስቱን ተራዳዎች ይቁጠራቸው።

ቤዛ
ስልኬ 9 በመቶ ነው፣ ቶሎ ልንገራችሁ። አግዳሚው ላይ ነን። ወፎቹን አበሏቸው። አንዱ ዓሣውን በመንቁሩ ከረጢት ይዞ አንገቱን ወደ ሰማይ ቀና አደረገና ዋጠው። ዓሣው በጉሮሮው ሲወርድ ይታያል። ልጁ ኩርፊያውን ረሳው። እማዬ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ዳዊቷን ከቦርሳዋ አወጣች። «ይሄ እኮ ይብራ ነው» አለችኝ። መዝሙር 101 ላይ «የምድረ በዳ ይብራ» ይላል። ስንት ዓመት ስትደግመው ኖራ አሁን በዓይኗ አየችው። ጣና ላይም እንደሚታይ ነገረችኝ፣ ይብራ መሆኑን ግን አታውቅም ነበር።

እትዬ አልማዝ
አቤት! አነበበችልሽ?

ቤዛ
አዎ፣ ጮክ ብላ። አሁን ሙዝ እየበላች ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ጀልባው ላይ ግራ ነው ቀኝ የምንቀመጠው?

ሹፌሩ
ወደ ታች ስትሄዱ ግራ ተቀመጡ። ከግብፅ የመጣው ሐውልት፣ ሴንት ፖል ካቴድራል፣ የለንደን ግንብ ሁሉም በግራ ነው። ስትመለሱ እዚያው ወንበር ላይ ከቆያችሁ «ለንደን አይ» የሚባለው ትልቁ ተሽከርካሪ ያለበት ዳር ይደርሳችኋል። በታወር ብሪጅ ሥር ስታልፉ ልጁ ቀና ይበል። ላይኛው ፎቅ ነፋስ አለው፣ ደረጃም ነው። እናትሽን ታች፣ መስኮት አጠገብ።

እትዬ አልማዝ
ቤዛዬ፣ ነጠላ ብቻ ከሆነ የለበሰችው ጃኬትሽን ደርቢላት። ወንዝ ላይ በነሐሴም ይበርዳል።

ናቲ
ተሳፈራችሁ?

ሹፌሩ
ቤዛ?

ሀና ግሪኒች
ስልኳ ጠፍቶ ይሆናል። አሁን 11:40 ነው። እኔ ካቲ ሳርክ አጠገብ ነኝ፣ ከሥራ መውጣቴ ነው። አንድ ጀልባ እየዞረ ነው። ታችኛው መስኮት ላይ ነጠላ የለበሱ እናት ያየሁ መስሎኝ እጄን አውለብልቤያለሁ።