ያለ ደረሰኝ የገዛሁትን ምጣድ እንዴት ልመልስ?

አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ከ9 ቀን በፊት ቴሌግራም ላይ ከሚሸጥ ሰው የኤሌክትሪክ ምጣድ በ6,500 ብር ገዛሁ። ብሩን በቴሌብር ላክሁ፤ ዕቃውን ሞተረኛ ቤት ድረስ አመጣልኝ። ደረሰኝ ግን አልነበረውም።

መጀመሪያ ደህና ጋገረ። ለሦስተኛ ጊዜ ስጋግር ግን ግማሹ ጎን መጋል አቆመ። በአንድ በኩል እንጀራው ያርራል፣ በሌላው በኩል ዓይን ሳያወጣ ሊጥ እንደሆነ ይቀራል። ሶኬት ቀየርኩ። ጎረቤት ቤት ወስጄም ሞከርኩት፤ ያው ነው። ቪዲዮ ቀርጬ ለሻጩ ላክሁለት። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለኝና ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሳት አቆመ። የወር አስቤዛዬን ነው ያወጣሁበት፣ ዝም ብዬ ልተወው አልችልም።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ማስቀየር ወይም ገንዘብ ማስመለስ እንደሚቻል ይላል። የቀረኝ 6 ቀን ብቻ ነው። በእጄ ያለው የቴሌብር መልእክቱ፣ የተጻጻፍነውና ቪዲዮው ነው። ሱቁ የት እንደሆነ አላውቅም፣ ስልኩን ብቻ።

ንግድ ቢሮ አቤት ብላችሁ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ፦ ደረሰኝ ሳይኖረኝ በእነዚህ ማስረጃዎች ብቻ አቤቱታዬን ይቀበሉኛል?