ቅጹ ይስተካከል ወይስ የሚሞላ ሰው ይመደብ?

አዘዞ፦ የዛሬው ክርክር፦ የጎንደር መሥሪያ ቤት ቅጽ በኮምፒውተር ሲያወጣ ለዓይነ ስውራን ቅጹን ያስተካክል ወይስ የሚሞላላቸው ሰው ይመድብ? እኔ ሰው ይመደብ ባይ ነኝ። በትራኮማና በዓይን ሞራ በስተርጅና ዓይናቸው የጠፋ ሰዎች ኪቦርድ ነክተው አያውቁም።

ማራኪ፦ ለአረጋውያኑ ሰው ይኑር፣ አልከራከርም። በኤንቪዲኤ፣ ማለትም በስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም፣ የሚሠራን ተማሪ ግን የይለፍ ቃልህን ለሌላ ሰው ንገር ማለት ግፍ ነው። ኤንቪዲኤ በነጻ ይጫናል፣ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው ድምፅም አማርኛ ያነባል። ጣጣው ያለው ከቅጹ ነው። ከሣጥኑ ጎን «የአባት ስም» ተብሎ ቢጻፍም ኮዱ ላይ ከሣጥኑ ጋር ካልተያያዘ፣ በኪቦርዱ ታብ ቁልፍ ከሣጥን ወደ ሣጥን የሚሄድ ሰው የሚሰማው «መጻፊያ፣ ባዶ» ብቻ ነው። ቀጣዩም «መጻፊያ፣ ባዶ»። ስልኩን የት እንደሚጽፍ በምን ይወቅ?

አራዳ፦ ብዙ ቅጽ እኮ ማኅተም ተመቶበት ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ነው።

ማራኪ፦ ስካን ፎቶ ነው፤ አንባቢ ፕሮግራሙ ፊደል አያገኝበትም። ማኅተም ያለበት ቅጂ መሥሪያ ቤቱ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ፣ ለሕዝብ የሚወጣው ከዎርድ በቀጥታ ፒዲኤፍ ሆኖ ሴቭ ይደረግ። እዚህም ወጥመድ አለ፤ ቪዥዋል ግዕዝ በተባለው የድሮ የአማርኛ መተየቢያ የተተየበ ጽሑፍ ለዓይን አማርኛ ይምሰል እንጂ ከሥሩ ያለው የላቲን ፊደልና ምልክት ስለሆነ ሲነበብ ትርጉም አይሰጥም። ጽሑፉን መርጣችሁ ፎንቱን ኒያላ ወደተባለው የዩኒኮድ ፎንት ቀይሩት። ጽሑፉ ከተበላሸ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በጋራ በሚያውቁት የፊደል ኮድ፣ የተተየበ አይደለም፤ መቀየር ወይም እንደገና መተየብ አለበት።

ቀሃ፦ ከፊል ዕይታ ያላቸውን ረሳችኋቸው። እነሱ ኮንትሮልና ፕላስ ተጭነው ያጎላሉ። ስካን ሲጎላ ይደበዝዛል፤ ነጭ ላይ የተጻፈ ስስ ግራጫ ደግሞ ቢጎላም አይለይም። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በጽሑፉና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የብርሃን ልዩነት የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

አዘዞ፦ እሺ፣ ይህን ሁሉ ማን ይሥራው? በጀቱስ?

ማራኪ፦ ቅጹን የሠራው ባለሙያ ሲያስረክብ፣ ርክክቡ ላይ ይያዝ። ማውሱን ንቀሉ፣ ኤንቪዲኤን ክፈቱ፣ በታብ ብቻ ከመጀመሪያው ሣጥን እስከ «ላክ» ሂዱ። ስሙ ያልተነበበ ሣጥን፣ በታብ የማይደረስ ቁልፍ፣ ምስል ላይ ብቻ ያለ የማረጋገጫ ቁጥር ወይም በቀይ ቀለም ብቻ የሚታይ ስህተት ከተገኘ፣ ሠሪው አስተካክሎ እስኪመለስ ክፍያው ይቆይ። ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 9 መረጃና ኮሙኒኬሽንንም ይጨምራል። ችሮታ አይደለም።

አዘዞ፦ ክፍያው ይቆይ ባልኸው እስማማለሁ። የሚረዳው ሰው ግን ከመስኮቱ አይነሳ፤ ቅጹ ተስተካክሏል ተብሎ አባቶቻችን እንዳይመለሱ።