የፒክአፕ ካሶኒ ብሎን ዝጎ አልፈታ አለኝ፤ ምን ይሻላል?

ጠያቂ (ጅማ፣ አጂፕ)
ሰላም ወገኖች። የቆየች ሃይሉክስ ፒክአፕ አለችኝ። ለዓመታት ማዳበሪያና እሸት ቡና ስትጭን ኖራ የካሶኒዋ (የኋላ መጫኛዋ) ወለል ከስር ተበልቷል። ካሶኒውን አንስቼ ሻሲውን ላጸዳ፣ ወለሉንም በላሜራ ላስበይድ ነው ሐሳቤ። ከሻሲው ጋር የያዙት ብሎኖች 8 ናቸው። ሁለቱ በቀላሉ ወጡ። የአንዱ ራስ ተበልቶ ቁልፍ አይዝም። አንዱ ከስር ከሚያስረው ዳዶ ጋር አብሮ ይዞራል። አራቱ ደግሞ ጭራሽ አልነቃነቅ አሉ። ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቼ ስጫነው ሊበጠስ መሰለኝና ተውኩት። ካሶኒው ተመልሶ ስለሚገጠም ሻሲው ላይ ያለው መያዣ እንዲጎዳብኝ አልፈልግም። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ደጅ ነው የቆመችው። የሞከረ ሰው ይምከረኝ።

ሹፌር፣ ከአጋሮ
ወንድሜ፣ ቱቦውን መተውህ ጥሩ ነው። መጀመሪያ የብሎኑ ጥርስ (ጠመዝማዛው) ላይ ያለውን ጭቃና ዝገት በሽቦ ብሩሽ አራግፍ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ጭቃ ካለ ዘይቱን የሚጠጣው ጭቃው ነው፣ ጥርሱ ጋ አይደርስም። ከዚያ ዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ ንፋበት። ማታ ንፋ፣ ጠዋት ድገም፣ ማታም ድገም። በነፋህ ቁጥር የብሎኑን ራስ በመዶሻ መታ መታ አድርገው፤ ንዝረቱ ለዘይቱ መንገድ ይከፍትለታል። እኔ ሦስት ቀን ጠብቄ ነው የፈታሁት።

ስፕሬይ ካጣህ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ቀላቅል። አሴቶን ቀለም ያነሳል፣ እሳትም ቶሎ ይይዘዋል፤ ተጠንቀቅ። ደግሞ የብሎን መፍቻ ቡሶላህ ባለ 6 ማዕዘን ይሁን። ባለ 12ቱ የዛገ ራስ ላይ ይንሸራተታል።

በያጅ፣ መርካቶ ሰፈር
እኔ የማምነው በእሳት ነው። ዳዶውን አግለው፣ ብሎኑን አይደለም። ዳዶው ሲግል ይሰፋል፣ ዝገቱም ይሰነጠቃል። በረድ ሲል ሻማ አስነካው፤ ሰሙ ቀልጦ ጥርሱ ውስጥ ይሰርጋል። ከዚያ በቀላሉ ይፈታል።

የድሮ መካኒክ፣ ጅሬን
ልጆቼ፣ የእሳቱ ነገር እውነት ነው። ግን ቦታውን እዩት! ካሶኒው ስር የነዳጅ ታንክ አለ፣ የነዳጅና የፍሬን ቱቦ አለ፣ የኋላ መብራት ሽቦ አለ። አንዱ አሴቶን ንፋ ሲል ሌላው እሳት አምጣ ካለ መኪናዋ ብቻ አይደለችም የምትቃጠለው። ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ የተነፋበት ብረት ደግሞ ሲግል መርዛም ጋዝ ያወጣል። እሳት የመጨረሻ ነው። እሱም ታንኩ ከወረደ በኋላ።

አንተ ልጅ፣ አንድ ነገር ንገረኝ። ዳዶዎቹ ከስር ለብቻቸው ናቸው ወይስ መያዣው ላይ የተበየዱ?

ጠያቂ
ጋሼ፣ አሁን ተኝቼ አየኋቸው። ከፊት ያሉት ሁለቱ የተበየዱ ናቸው። የቀሩት ለብቻቸው ነው ያሉት። ራሱ የተበላውም አብሮ የሚዞረውም ከኋላ ናቸው።

የድሮ መካኒክ፣ ጅሬን
እንግዲያው ቀለለ። የተበየዱት ሁለቱ ላይ ነው ትዕግሥትህን የምታውለው። እነሱ ቢበጠሱ በትራፓኖ (በመብሻ ማሽን) መብሳት ይመጣል፣ ፑንታው (የመብሻው ጫፍ) ትንሽ ከመሃል ከወጣ ደግሞ ጥርሱን ይበላዋል። ዘይት አጠጣቸው። ስትጀምር ወደ መፍታት አትሂድ፤ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቅ ገፋ አድርገው። ቀጭ ሲል ትሰማዋለህ። ከዚያ ሩብ ዙር ፍታ፣ መልስ፣ ዘይት ጨምር፣ እንደገና ፍታ። አንዴ ነቃ አለ ብለህ እስከ መጨረሻው አትጎትተው።

የኋላዎቹ ላይ አትድከም። አዲስ ብሎን መግዛትህ አይቀርም። ራሱ የተበላውን ዳዶውን በግራይንደር ከአንድ ጎን ሰንጥቀው፣ ጥርሱ ጋ ልትደርስ ስትል አቁም፣ የቀረውን በመሮ ክፈተው። ፍንጣሪው ወደ ታንኩ እንዳይሄድ እርጥብ ጆንያ ጋርድበት። መነጽርም አድርግ። አብሮ የሚዞረውን አንድ ሰው ካሶኒው ላይ ወጥቶ ራሱን በቁልፍ ይያዝልህ፣ አንተ ከስር ዳዶውን ፍታ።

መለዋወጫ ሻጭ፣ ሂርማታ
ወንድሜ፣ አዲሱን ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። 12 ሚሊሜትር ብሎን ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት 1.25 ሚሊሜትር የሆነ አለ፣ 1.75ም አለ። በዓይን ይመሳሰላሉ። በግድ ካስገባኸው የተበየደውን ዳዶ ታበላሸዋለህ። ራሱ ላይ 8.8 (የጥንካሬው ቁጥር ነው) ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት ይሁን። ስትገጥም ጥርሱን ግራሶ ቀባው፣ በካሶኒውና በሻሲው መሃል ያለው ጎማ ካለቀም ቀይረው። ውሃ የሚቋጥረው እዚያ ነው።

ጠያቂ (ከአምስት ቀን በኋላ)
ሁሉም ወጡ! የተበየዱት ሁለቱ በአራተኛው ቀን ጋሼ እንዳሉት ቀጭ ብለው ተለቀቁ። ከኋላ ካሉት አንዱ በዘይት ወጣ፣ አንዱንና ራሱ የተበላውን በግራይንደር ሰነጠቅኳቸው። አብሮ የሚዞረውን ወንድሜ ከላይ ያዘልኝ። እሳት አላስፈለገኝም። ቅዳሜ ስድስት ሆነን ካሶኒውን እናነሳለን። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የድሮ መካኒክ፣ ጅሬን
ጎበዝ። ከማንሳታችሁ በፊት የመብራቱን ሶኬት ንቀል። የነዳጅ መሙያውንም አንገት ከካሶኒው ፍታ። እሱን ረስተው አንስተው ቱቦውን የቀደዱ ብዙ አይቻለሁ።