ከደሴ ተነስቶ ቤተሰብን በራስ ዝግጅት ውጭ አገር ለማዝናናት፦ ኬንያ፣ ዱባይ ወይስ ጅቡቲ?

የክረምቱ የትምህርት ዕረፍት ሲቃረብ በደሴና በኮምቦልቻ ልጆቻቸውን ይዘው ውጭ አገር ደርሰው ለመምጣት የሚያስቡ ቤተሰቦች አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሱት ዱባይን ነው። ጉዞውን ራሱ ለሚያሰናዳ ቤተሰብ ግን የእኔ ጥቆማ ኬንያ ነው። ዱባይ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ ልጆች ቀኑን የሚያሳልፉት በገበያ አዳራሽ ውስጥ ይሆናል፤ በዚያው ወቅት ናይሮቢ ለደሴ ሰው እንግዳ ያልሆነ ሹራብ የሚያስለብስ ብርድ ሲኖራት፣ የባሕር ዳርቻዋ ከተማ የሞምባሳም ሙቀት ከሌላው ጊዜ ቀለል ይላል። በዚያ ላይ ለኬንያ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ጎብኚ ቪዛ አይጠየቅም፤ ለዱባይ ግን ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አስቀድሞ ቪዛ ማስወጣት ግድ ነው።

ዱባይን የሙጥኝ ያለ ቤተሰብ ካለ በራስ ከመልፋት ይልቅ ለጉዞ ወኪል መክፈሉ ያዋጣዋል እላለሁ፤ ቪዛው የሚወጣው ባብዛኛው በአየር መንገድ፣ በሆቴል ወይም በወኪል በኩል ነውና። ወኪሎችን ስታወዳድሩ ዋጋቸውን ብቻ ሳይሆን ቪዛው ቢከለከል ከከፈላችሁት ውስጥ ምን ያህሉ እንደሚመለስ በጽሑፍ ጠይቁ። ጅቡቲ በባቲና በሚሌ በኩል ለኮምቦልቻ ቅርብ ብትሆንም የክረምቱ ሙቀቷ አይቻልም፣ ኑሮዋም ውድ ነው፤ የዓሣ ነባሪ ሻርክ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ በሚመጣበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ብትታሰብ ይሻላል። የሩዋንዳዋ ኪጋሊ ለአፍሪካውያን ቪዛ የማትጠይቅ፣ ጽዱና ጸጥ ያለች ከተማ ናት፤ ሆኖም ጎሪላ ለማየት ለአንድ ሰው 1,500 ዶላር ከመጠየቁም በላይ ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላ ልጅ ስለማይፈቀድለት ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ዋናው ነገር ይቀርበታል።

ከሰነዶች ሁሉ ቀድሞ መጀመር ያለበት ፓስፖርት ነው። ጡት የሚጠባ ሕፃንም ቢሆን የራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋል፣ ለዚያ ደግሞ የልደት ምስክር ወረቀት መያዝ ይኖርበታል። ማመልከቻው በኢንተርኔት ሲሞላ የደሴን ቅርንጫፍ መምረጥ ስለሚቻል ቤተሰቡን ሁሉ አስከትሎ አዲስ አበባ መመላለስ አያስፈልግም። ቀድሞ የወጣ ፓስፖርት ካላችሁም የማብቂያ ቀኑ ከጉዞው በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው መሆኑን እዩ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት መተው የለበትም፤ አንዴ ከተወሰደ ግን ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ወይስ በአውሮፕላን የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከዋጋ አንጻር ብቻ ነው። በእርግጥ ሰላም ባስን በመሳሰሉት አገር አቋራጭ አውቶቡሶች መሄድ አምስትና ስድስት ሰው ላለው ቤተሰብ በጣም ይረክሳል። ነገር ግን መንገዱ ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ በክረምት ደግሞ ጣርማበር ላይ ጭጋግ የሚያለብሰው ነው፤ የመንገዱም ሁኔታ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ከበረራው ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ገብቶ ማደር አለበት፣ የአዳሩም ወጪ በሒሳቡ ይግባ። በአውሮፕላን ከሆነ ምርጫዬ ከኮምቦልቻ እስከ ናይሮቢ ያለው በአንድ ትኬት የተቆረጠ ነው። ሁለት ለየብቻ የተገዙ ትኬቶች አንዳንዴ ይረክሳሉ፤ ይሁንና የኮምቦልቻው በረራ በደመና ምክንያት ቢሰረዝ በአንድ ትኬት የያዘውን መንገደኛ በሚቀጥለው በረራ የማሳፈር ኃላፊነት የአየር መንገዱ ሲሆን፣ ለየብቻ የገዛው ግን የናይሮቢው ትኬቱ በራሱ ኪሳራ ያልፍበታል።

ከትኬት ቢሮ የምትገዙ ከሆነ፣ ባለ ስድስት ፊደልና ቁጥር የሆነው የመያዣ ኮድ ቦታ መያዙን እንጂ ትኬት መቆረጡን እንደማያሳይ ልብ በሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት በ071 የሚጀምር ባለ 13 አኃዝ ቁጥር አለው፤ ይህ ቁጥር በእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ስም አንጻር ተጽፎ ካላያችሁት ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ አትክፈሉ። ሰዓቱም የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 08:15 ማለት የእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15 ነው። ደስ የሚለው፣ ናይሮቢ ከወረዳችሁ በኋላ በስዋሂሊ ሰዓት የሚነግራችሁ ሰው ልክ እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ መቁጠሩ ነው።

የውጭ ምንዛሪ ለመግዛት ባንኮችን ስታወዳድሩ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ዋጋ ስለሚያወጣ፣ ከተለጠፈው ዋጋ ላይ የአገልግሎት ክፍያውን ጨምራችሁ አስሉ። ናይሮቢ ያሉ ምንዛሪ ቤቶች ትንንሽና አሮጌ የዶላር ኖቶችን በዝቅተኛ ዋጋ ይገዛሉና አዲስ ባለ መቶ ጠይቁ። ማረፊያ ሲባል ከሆቴል ይልቅ ማድቤት ያለው አፓርታማ ለቤተሰብ ይበጃል፤ ኪሊማኒና ኸርሊንግሃም አካባቢ ከያዛችሁ የሐበሻ ምግብ ቤቶችም በቅርብ አሉ። አየር ማረፊያው ላይ ፓስፖርት አሳይታችሁ የሳፋሪኮም ሲም ካርድ አውጡ፣ በስልክ የሚከፈልበትን ኤም ፔሳም አስከፍቱ፤ አገሩ የሚንቀሳቀሰው በእርሱ ነው፣ የባቡር ትኬትም የሚከፈለው በእርሱ ነው።

ከናይሮቢ ሞምባሳ ለመሄድ በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ባቡር ከአውሮፕላንም ከአውቶቡስም ይመረጣል። ፈጣኑ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይወስዳል፤ እኔ ግን ልጆች ላሉት ሰው የምጠቁመው በየጣቢያው የሚቆመውንና ቀስ ብሎ የሚሄደውን የጠዋቱን ነው፣ የጻቮን ፓርክ በቀን ብርሃን ስለሚያቋርጥ በቀይ አፈር የቀላ ዝሆን በመስኮት የማየት ዕድል አለና። ጣቢያው ከመሃል ከተማ የራቀ ነው፤ ከመግባታችሁ በፊትም ሻንጣዎች መሬት ላይ በረድፍ ተደርድረው ውሻ ስለሚያሸታቸው ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ድረሱ። ሞምባሳ ላይ ከባሕር ዳርቻዎቹ ዲያኒ ከኒያሊ ይበልጥ ያምራል፤ ሆኖም ወደ ዲያኒ በሊኮኒ ጀልባ ከሕዝቡ ጋር እየተጋፉ ልጅና ሻንጣ ይዞ መሻገር አድካሚ ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ኒያሊ ይበቃል። ፖርቹጋሎች በ16ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ የገነቡት ፎርት ጂሰስ የተባለው ምሽግ ለግማሽ ቀን ያህል ልጆችን ይይዛል።

ስለ ምግብ የሚያሳስበው ሰው አይጨነቅ። በሞምባሳ ብዙ ሙስሊም ስለሚኖር ሐላል ምግብ በየቦታው አለ፤ ፍልሰታን ለሚጾም ደግሞ ምባዚ የሚሉት በኮኮናት ወተት የበሰለ የርግብ አተር ቁርስም ምሳም ይሆናል። ከቤት ቋንጣ፣ ቆሎና በሶ የሚይዝ ግን በፌስታል አይቋጥረው። ኬንያ ከነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፕላስቲክ መያዣ ከረጢትን ስለከለከለች፣ ስንቁ በጨርቅ ከረጢት ወይም ክዳን ባለው ዕቃ ይያዝ፤ ጫማ የተጠቀለለበትም ፌስታል ከሻንጣ ይውጣ።