በዚህ ሰመር (እ.ኤ.አ. 2021) ሚኮኖስ፦ እንሂድ ወይስ እንቅር?

የፍራንክፈርቷ፦
ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ ክርክር ይዤ ነው የመጣሁት። ከጓደኞቼ ጋር ሁለት ቀን ሙሉ ተጨቃጭቀን አልተግባባንም። አራት ሴቶች ነን። ማርች ላይ ወደ ግሪኳ ደሴት ወደ ሚኮኖስ ትኬት ቆረጥን፣ ሆቴልም ከፈልን። በረራችን የፊታችን ቅዳሜ፣ ጁላይ 24 ነው። አራታችንም የኮቪድ ክትባቱን ሁለቱንም ዶዝ ወስደናል። የአውሮፓ ኅብረት የክትባት ሰርተፍኬትም ስልካችን ላይ አለ።

ከትናንት ወዲያ፣ ጁላይ 17፣ የግሪክ መንግሥት ደሴቷ ላይ ሰዓት እላፊ አወጀ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሥራና ለሕክምና ካልሆነ መውጣት የለም። በቡና ቤትና በምግብ ቤት ሙዚቃ ቀንም ሌሊትም ተከልክሏል። በግል ቤት ከ20 ሰው በላይ መሰብሰብ አይቻልም። እስከ ጁላይ 26 ነው ተብሏል። ሆቴሉ ገንዘቡን አልመልስም፣ ከፈለጋችሁ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ላዛውርላችሁ ብሎናል።

የእኔ አቋም እንሂድ ነው። ዓመት ተኩል አንዲት ክፍል ውስጥ ላፕቶፕ ላይ አፍጥጬ ኖሬአለሁ። ተከትቤያለሁ። ሕጉም ፈቅዶልኛል። ሁለቱ ጓደኞቼ ግን ሰው እየታመመ እኛ ለጭፈራ መሄዳችን ነውር ነው ይላሉ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የስቶክሆልሟ፦
እህቴ፣ እንደደከመሽ ይገባኛል። ግን ቅሪ።

የምሠራው የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው። አምና ኤፕሪል ላይ አንዲት እናት ባረፉበት ሌሊት ታብሌቱን ፊታቸው ላይ ይዤ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ልጃቸው ከወዲያ ማዶ ትጣራለች፣ እሳቸው ዓይናቸውን አይገልጡም። ክንዴ ዝሎ ታብሌቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግን እንዴት ላውርደው? ቫይረሱን ወደዚያ ቤት ያስገባው ክፉ ሰው አይደለም። ከእኛ ከሠራተኞቹ አንዱ ነው የሚሆነው። ምናልባት እኔው ራሴ ነኝ። ምንም ሳያመኝ፣ እየሳቅኩ ገብቼ ይሆናል።

ሚኮኖስ ነዋሪዋ 10 ሺህ ገደማ ነው። ሆስፒታል የላትም፣ ያላት ጤና ጣቢያ ነው። የጠናበት ሰው ወደ ሲሮስ ደሴት ወይም ወደ አቴንስ ነው የሚወሰደው። እንግዳው ደግሞ ከነዋሪው ስንት እጥፍ እንደሆነ አስቢው። ሕግ ፈቀደ ማለት የማንም አልጋ አይነካም ማለት አይደለም።

የናታኒያው፦
ይቅርታ እህቴ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ታዲያ ክትባቱን ለምን ወሰድነው? እኛ እስራኤል ውስጥ ከብዙ አገር ቀድመን ነው የተከተብነው። ክንዳችንን የሰጠነው እኮ ወደ ኑሯችን ለመመለስ ነው። ጓደኞቼ ባለፈው ሳምንት ከሚኮኖስ ተመለሱ፣ ሁሉም ደህና ናቸው።

ደግሞም እዚያ ያለው ነገር አብዛኛው ሜዳ ላይ ነው። ባሕር ዳር፣ ነፋስ ላይ። ሜልተሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ በጁላይ ጃንጥላ ነቅሎ ይወስዳል። ከቢሮ ሊፍትና ከታጨቀ ባቡር ያ አይሻልም? ሥራ ሂዱ ሲሉን ደህና ነን፣ እንዝናና ስንል አደገኛ ሆንን። ወጣቱ ስለ አዛውንቱ ብሎ ብዙ ነገር ትቷል። ይህንን የሚያመሰግን ሰው አላየሁም።

የስቶክሆልሟ፦
ምስጋና ይገባችኋል፣ እውነትህን ነው። እኔ አመሰግናለሁ።

ግን ወንድሜ፣ እናንተ ራሳችሁ ጁን 15 ላይ ማስክ አወለቃችሁ፣ ጁን 25 ላይ መልሳችሁ አጠለቃችሁ። በ10 ቀን ውስጥ። ምክንያቱ ዴልታ የሚባለው አዲሱ የቫይረሱ ዝርያ ነው። ክትባቱ ከሞትና ከጽኑ ሕመም በደንብ ያድናል። ይህንን ሥራ ቦታዬ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። መያዝንና ማስያዝን ግን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም።

ሜዳ ይሻላል ያልከው ልክ ነው። ሙዚቃው ሲጮህ ግን ሰው ምን ያደርጋል? ለመሰማማት ጆሮ ላይ ተለጥፎ ይጮሃል። ያኔ ነፋሱ በሁለቱ ፊት መሃል የሚገባበት ቦታ የለውም። ሙዚቃውን ያስቆሙት ለዚህ ይመስለኛል።

ጋሼ ከለንደን፦
እኔ ልጆቹ ላይ መፍረድ አልፈልግም። ዛሬ ጁላይ 19 ነው። እዚህ እንግሊዝ ልክ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ናይት ክለብ ተከፈተ። የሚያዘው ሰው ቁጥር ሽቅብ እየወጣ ባለበት ሰሞን ማለት ነው። ግሪክም ሜይ አጋማሽ ላይ ለቱሪስት በሯን ከፈተች፣ ኑ ብላ ጋበዘች። እንግዳው ሲመጣ ጥፋተኛ አደረጉት።

በእርግጥ ግሪኮቹንም እረዳቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከቱሪዝም 18 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ያስገባ አገር በ2020 ያገኘው 4 ቢሊዮን ገደማ ነው። ከዚያ በፊት አሥር ዓመት በዕዳ ሲታመስ የኖረ ሕዝብ ነው። በሩን ዝጋ ማለት ቀላል ነው፣ ከዚያስ ምን ይብላ?

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሙዚቃውን ከቡና ቤት ስታስወጣው ወደ ቪላ ይገባል። ከጁላይ 16 ጀምሮ ግሪክ ውስጥ በዝግ ቤት የሚስተናገደው የተከተበ ወይም ታሞ የዳነ ሰው ነው፣ ያውም ተቀምጦ። ቡና ቤቱ በር ላይ ቢያንስ ይህንን የሚጠይቅ አለ። ቪላ ውስጥ ማን ይጠይቃል? የደሴቷ ማዘጋጃ ቤትም ለምን እኛ ብቻ ብሎ ተቃውሟል፣ እኔም እውነት አላቸው እላለሁ።

የአቴንሷ፦
ጤና ይስጥልኝ። ቤቴ አቴንስ፣ ኪፕሴሊ ነው። አሁን የምጽፍላችሁ ግን ከሚኮኖስ ነው። እዚህ ክፍል ሳጸዳ ይህ አምስተኛ ሰመሬ ነው። ስትከራከሩ ሳነብ ቆየሁና ዝም ማለት አቃተኝ።

መጀመሪያ ስለ ቅዳሜ ሌሊት ልንገራችሁ። ሥራ ጨርሼ ሊትል ቬኒስ በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር በኩል ሳልፍ 7 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። አስተናጋጆቹ ወንበር ይደራርባሉ። ባሕሩ ከሰገነቶቹ ሥር ግድግዳውን ሲመታ ይሰማል። በአምስት ሰመር ያንን ድምፅ በዚያ ሰዓት ሰምቼው አላውቅም ነበር፣ ሁልጊዜ ዘፈኑ ይውጠዋል። ትንሽ ወደ ላይ ስወጣ ግን ከኮረብታው ማዶ፣ ከቪላዎቹ ወገን፣ ከበሮው ይመታ ነበር። ጋሼ ያሉት እውነት ነው።

አሁን ስለ ክፍሉ። እንግዳ ሲወጣ እኔ እገባለሁ። ኤርኮንዲሽነሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያደረ ክፍል ነው። መስኮቱ ዝግ፣ መጋረጃው ዝግ። እርጥብ ፎጣ መሬት ላይ፣ የፀሐይ ቅባት አንሶላው ላይ። ስድስትና ሰባት ሰው ያደረበት ክፍል ደግሞ በትንፋሹ ይታወቃል። ክፍሉ አየር እስኪያገኝ ጠብቁ ብለውናል። ጊዜ ግን አልሰጡንም። እስከ 8 ሰዓት 11 ክፍል መጨረስ አለብኝ። ስለዚህ ትንፋሼን ይዤ ቀጥ ብዬ ወደ መስኮቱ እሄዳለሁ፣ እከፍታለሁ፣ በረንዳው ላይ ቆሜ እስከ መቶ እቆጥራለሁ። ከዚያ አንሶላውን መግፈፍ እጀምራለሁ። የማደርገው ጥንቃቄ ይኸው ነው፣ ማስኩና መቶው ቁጥር።

የምንተኛው አራት ሴቶች አንድ ክፍል ውስጥ ነው። እዚህ ደሴት ላይ ለሠራተኛ ቤት ማግኘት ጭንቅ ነው። አንዳችን ብንያዝ ለብቻ የምትተኛበት ቦታ የለም። እኔ ተከትቤያለሁ። አንደኛዋ ልጅ ግን የመኖሪያ ወረቀት ስለሌላት መመዝገብ አልቻለችም። እሷም በቀን 11 ክፍል ታጸዳለች።

ይህን ሁሉ ብዬ ሳበቃ አትምጡ ትላለች ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። አልልም። አምና ሥራ የተጠራሁት ለአንድ ወር ተኩል ብቻ ነበር። ሥራው ለታገደበት ሰው መንግሥት በወር 534 ዩሮ ይሰጥ ነበር። ውል የሌለው ግን ከየት ያምጣ? እናቴ ደብረ ብርሃን ናት፣ የመድኃኒቷን የምልከው እኔ ነኝ። አምና ከጎረቤት ተበድራ ገዛች። ይህንን የነገረችኝ ዘንድሮ ነው።

የስቶክሆልሟ፦
እህቴ፣ እያነበብኩ እንባዬ መጣ። ለዚህኮ ነው ቅሩ የምለው፣ ለአንቺ ብዬ። ገንዘቡ እኮ አይጠፋም፣ ሆቴሉ ለሚቀጥለው ዓመት ያዛውራል።

የአቴንሷ፦
የኔ እህት፣ ለሚቀጥለው ዓመት የተዛወረ ገንዘብ ለሆቴሉ ገንዘብ ነው። ለእኔ ግን የዘንድሮ ደሞዝ አይሆነኝም። ክፍሉ ባዶ ከሆነ አትምጪ ነው የምባለው።

የስቶክሆልሟ፦
እውነትሽን ነው። ለዚህ መልስ የለኝም። ስለ አንቺ ሳስብ ስለ ሳንባሽ ብቻ ነበር ያሰብኩት።

የናታኒያው፦
እኔም ስለ ባሕር ዳሩ ነፋስ ሳወራ የመኝታ ክፍሉ ትዝ አላለኝም። ጓደኞቼ ደህና ናቸው ብዬ ነበር። ክፍላቸውን ያጸዳው ሰው ደህና ይሁን አይሁን ግን አልጠየቅኩም። አሁንም ይሂዱ ነው የምለው። ግን ሰው ሰብስቦ ክፍል ውስጥ መጨፈሩ ይቅር። ከመሄድ በፊትም መመርመር ያስፈልጋል፣ የተከተበም ቢሆን። አሁን ለመርከብም ያልተከተበ ሰው ውጤት ይዞ ነው የሚሳፈረው፣ የተከተበውም ቢመረመር ምን ይጎዳዋል?

ከአዲስ አበባ፣ የጤና ባለሙያ፦
አንድ ጥያቄ ለፍራንክፈርቷ እህታችን። ከሚኮኖስ በኋላ አገር ቤት ትመጫለሽ?

የምጠይቀው በነገር አይደለም። ማርች ላይ 2.2 ሚሊዮን ዶዝ የአስትራዜኔካ ክትባት ደረሰን። እኛ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነን። ከዚያ ህንድ ክትባት ወደ ውጭ መላክ አቆመችና ሁለተኛውን ዶዝ የሚጠብቀው ሰው በዛ። እኔ ጋ የሚመጡ አዛውንቶች ካርዳቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ይዘው «ደረሰ ወይ?» ይላሉ። ካርዱ ላይ አንዱ መስመር ተሞልቷል፣ ሁለተኛው ባዶ ነው። በዚህ ሰሞን ደግሞ ዳያስፖራው ለዕረፍት ይገባል። መምጣታችሁ ደስ ይለናል። ግን በቀጥታ ከሚኮኖስ ጭፈራ ተነስታችሁ የአያታችሁን ጉልበት ልትስሙ ከሆነ፣ እዚያ ላይ ሰርተፍኬታችሁ አያቶቻችሁን አይሸፍንም።

የፍራንክፈርቷ፦
ኦገስት 3 አዲስ አበባ ነኝ። አያቴ 84 ዓመቷ ነው። አንድ ዶዝ ነው የወሰደችው።

ሁለቱን ጉዞ በአንድ ላይ አስቤው አላውቅም፣ ይገርማል። አንዱ ዕረፍት ነው፣ አንዱ ቤተሰብ ነው ብዬ ለያይቼ ነው ያስቀመጥኳቸው። ከሚኮኖስ የምመለሰው ጁላይ 31 ነው። በመሃላቸው ያለው ሦስት ቀን ብቻ ነው።

ጋሼ ከለንደን፦
ልጄ፣ ይኸው ፈተናው። ይህንን መንግሥት አይፈታልሽም። አያትሽን ስንት ዓመት ሆነሽ ሳታያት?

የፍራንክፈርቷ፦
ሦስት ዓመት፣ ጋሼ።

የስቶክሆልሟ፦
እንግዲህ አንዱን መምረጥ ነው። ሁለቱንም በአንድ ወር ውስጥ ማድረግ ይከብዳል።

የናታኒያው፦
እኔም እዚህ ላይ ከስቶክሆልሟ ጋር ነኝ። የአያት ነገር ሲሆን የምከራከረው የለኝም።

የፍራንክፈርቷ (ረቡዕ)፦
ትናንት ማታ አራታችን ተገናኘን። ሁላችሁ የጻፋችሁትን አነበብኩላቸው። የአቴንሷ የጻፈችው ላይ ስደርስ ቤቱ ጸጥ አለ።

ሙሉ በሙሉ አልተስማማንም። እኔና አንዷ ቀርተናል። የእኛን ድርሻ ሆቴሉ ለሚቀጥለው ዓመት አዛውሮታል። ሁለቱ ይሄዳሉ። የሚገርመው፣ ነውር ነው ስትል የነበረችው አንዷ ሐሳቧን ቀይራ ከሚሄዱት ጋር ሆነች። ክፍሉ ባዶ ከሆነ ሥራ የምታጣ ሰው አለች ስትላት ሌላኛዋ ልትመልስላት አልቻለችም። ከመሄዳቸው በፊት ይመረመራሉ፣ ቪላ ድግስም አንገባም ብለዋል። ትክክል ናቸው ወይስ እኛ ነን? እኔ ለአያቴ ስል ነው የቀረሁት። አያቴ ባትኖር ኖሮ እሄድ ነበር፣ ይህንን አልዋሽም። ስለዚህ እነሱ ላይ የምፈርድበት አፍ የለኝም።

የአቴንሷ እህቴ፣ ለሁለቱ የምነግርልሽ ነገር አለ?

የአቴንሷ፦
እንኳን ደህና መጡ በያቸው። አያትሽንም ሳሚልኝ።

ጠዋት ክፍሉን ለቀው ሲወጡ ኤርኮንዲሽነሩን ያጥፉት። መጋረጃውን ወደ ጎን ይሰብስቡት፣ አለበለዚያ ነፋሱ ጎትቶ ይቀደዋል። መስኮቱንና የበረንዳውን በር ከፍተውልኝ ይውጡ። እኔ እስክደርስ ግማሽ ሰዓት ይኖረዋል፣ መቶ ድረስ መቁጠር አይኖርብኝም።