የድረ ገጽ ሠንጠረዥ ሲታተም የጀርባ ቀለሙ ይጠፋል

ጁገል፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ለሐረር እንግዶች የሚታደል አንድ ገጽ መረጃ በኤችቲኤምኤል ሠርቻለሁ። ሠንጠረዡ አምስት ረድፍ አለው፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። እያንዳንዱ ረድፍ የራሱ ደማቅ ቀለም አለው፣ ጽሑፉ ነጭ ነው። በክሮም ሳትመው ቀለሙ ሁሉ ጠፍቶ ጽሑፉ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። እዚያው ገጽ ላይ ያለው የጁገል ግንብ ፎቶ ግን በቀለሙ ይታተማል። ችግሩ ከፕሪንተሩ ነው ወይስ ከገጹ?

ከዚራ፦
ከሁለቱም አይደለም፣ ከብራውዘሩ ነው። ብራውዘሮች ቀለም ለመቆጠብ ሲሉ የጀርባ ቀለምና የጀርባ ምስል ካልታዘዙ አያትሙም። ፎቶው የወጣው ራሱን ችሎ እንደ ምስል ስለገባ ነው፤ ረድፎቹ ግን የተቀቡት በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) ጀርባ ነው። ነጭ ፊደል በነጭ ወረቀት ስለማይነበብ ደግሞ ክሮም ራሱ አጠቆረው።

ኮንትሮልና «ፒ»ን አብረህ ተጫን፣ «ሞር ሴቲንግስ»ን ክፈት፣ ወደ ታች ወርደህ «ባክግራውንድ ግራፊክስ» ላይ ምልክት አድርግ። ኤጅም እንደዚሁ ነው። ፋየርፎክስ ላይ «ፕሪንት ባክግራውንድስ» ይለዋል። ቀለሙ ቅድመ እይታው ላይ ወዲያው መምጣት አለበት። እዚያ ካልታየ ወረቀት አታባክን። እዚያ ታይቶ ወረቀቱ ላይ ካልወጣ ያኔ ፕሪንተሩን ጠርጥር፤ «ብላክ ኤንድ ዋይት» ተመርጦ እንደሆነ እይ።

ጁገል፦
መጣልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ሌሎች አስጎብኚዎችም ከየኮምፒውተራቸው ያትሙታል። ሁሉም ምልክቱን እንዲያደርጉ መንገር ሳያስፈልግ አይሆንም?

ለገሃሬ፦
ይሆናል፣ ትእዛዙን ገጹ ውስጥ አስገባው። ሲኤስኤሱ ላይ ለሠንጠረዡ «ፕሪንት-ከለር-አድጀስት» የሚለውን ጻፍና ዋጋውን «ኤግዛክት» በለው። ካልነካኸው «ኢኮኖሚ» ነው፣ ቁጠባው የሚመጣው ከዚያ ነው። ለሠንጠረዡ ከሰጠኸው ውስጡ ያሉት ሴሎች ይወርሱታል። ክሮም ይህን ስም እንዳለ የተቀበለው ከ136ኛው ቅጂ ጀምሮ ነው፤ አሮጌ ቅጂ የያዘ ሰው ስለማይጠፋ ከፊቱ ሰረዝ፣ «ዌብኪት»፣ ከዚያም ሰረዝ ያለበትን ሁለተኛ መስመር አብረህ ጻፍ።

ይህን አድርገህ እንኳ እምቢ ካለ ገጹ የተሠራበትን ፍሬምወርክ (ተዘጋጅቶ የሚመጣ የኮድ ስብስብ) ፈትሽ። ለምሳሌ ቡትስትራፕ 3 ገጹ ሲታተም የሁሉንም ነገር ጀርባ የሚያጠፋና ጽሑፉን ጥቁር የሚያደርግ ደንብ አለው፣ ያውም «ኢምፖርታንት» በሚለው፣ ለደንቡ ቅድሚያ በሚሰጥ ቃል የታሰረ። የአንተንም «ሚዲያ ፕሪንት» (ሲታተም ብቻ የሚሠራው የሲኤስኤስ ክፍል) ውስጥ በ«ኢምፖርታንት» እሰረው። የእነሱ ደንብ የተጻፈው «ሁሉም» ማለት በሆነው በኮከብ ምልክት ስለሆነ ክብደት የለውም፤ አንድ ክላስ (ለረድፉ የምትሰጠውን መለያ ስም) ጠርተህ የምትጽፈው ያሸንፈዋል። ጥፋቱ ከዚህ መሆኑን ያለ ወረቀት ለማወቅ ኤፍ 12ን ተጫን፣ ከ«ሞር ቱልስ» «ሬንደሪንግ»ን ክፈት፣ የሚዲያውን ዓይነት «ፕሪንት» አድርገው። ቀለሙ እዚያው ስክሪኑ ላይ ከጠፋ አጥፊው የሲኤስኤስ ደንብ ነው።

ከዚራ፦
ለገሃሬ ያለው ልክ ነው። እኔ ግን ብትሰማኝ ደማቁን ጀርባ ጭራሽ ተወው። ኢንክጄት ላይ አምስት ረድፍ ሙሉ ቀለም ሲፈስ 80 ግራሙ ወረቀት ይረጥብና ይኮማተራል፣ ቀለሙም ቶሎ ያልቃል። ጽሑፉን ጥቁር፣ ጀርባውን ነጭ አድርግና በየረድፉ ግራ ጠርዝ ላይ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ባለቀለም ቦርደር (የጠርዝ መስመር) ስጥ። ቦርደር ከጀርባ ስለማይቆጠር ያለ ምንም ምልክት ይታተማል። የበሩን ስምም እዚያው አጠገቡ ጻፈው፤ ጥቁርና ነጭ ሌዘር ላይ ቀዩና አረንጓዴው ተመሳሳይ ግራጫ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ።