ቀዩ ሲበራ ነጩ ድርግም ይላል
ሰላም ለሁላችሁ፣ ለጠረጴዛ የጦርነት ጌም የሚሆን የፈራረሰ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ከፎም ሰርቼ (ለ28 ሚሊሜትር ወታደሮች ነው) መስኮቶቹ ጋ 3 ነጭ ኤልኢዲ (ትንንሽ መብራት)፣ ታች ደግሞ እሳት እንዲመስል 2 ቀይ ኤልኢዲ ጥጥ ስር አስገባሁ። ሁሉንም በፓራለል (ፕላስ ከፕላስ፣ ማይነስ ከማይነስ) አገናኝቼ በአንድ ባለ 470 ኦም ሬዚስተር (ከረንት የሚገድብ) ከ9 ቮልት ባትሪ ጋር አያያዝኳቸው። ነጮቹ ብቻቸውን ቆንጆ ይበራሉ፣ የቀዮቹን ሽቦ ገና ሳስነካው ግን ነጮቹ ድርግም፣ ቀዮቹ ብቻ ቦግ ብለው ይቀራሉ።

ባትሪ ቀየርኩ፣ ፕላስና ማይነሱን ደጋግሜ አየሁ፣ ሬዚስተሩን ወደ 330 አወረድኩት፣ ቀዮቹ ባሰባቸው እንጂ ነጮቹ ወይ ፍንክች። ጓደኛዬ ቀይ 2 ቮልት አካባቢ ነጭ ደግሞ ወደ 3 ስለሚፈልግ ቀዩ ከረንቱን ጠቅልሎ ይወስደዋል አለኝ፣ እሺ ገባኝ፣ ግን የነጮቹን ሽቦ ግድግዳው ውስጥ ቀብሬ በጄሶ ደፍኜዋለሁ፣ ቀለምም ተቀብቷል፣ እሱም ስፕሬዩ አንዱን ጥግ ፎሙን አቅልጦ በልቶብኝ በስንት መከራ ነው ያስተካከልኩት። አሁን እጄ የሚደርሰው የቀዮቹ ሽቦና ባትሪው ጋ ያለው መገናኛ ብቻ ነው።

ግድግዳውን ሳልሰብር ለቀዮቹ ብቻ በሌላ ሬዚስተር ከባትሪው የራሳቸውን መስመር ባወጣላቸው ነጮቹ ይበራሉ ወይስ የግድ መፍረስ አለበት?